እናቴን በዓባይ በረሃ ያሻገርኩባት መኪና

ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኖ "የመኪናዬ ኤሲ ተበላሸ" ብሎ ማውራት ያሳፍራል። በክረምት ጋቢ ደርቦ፣ በኅዳር ውርጭ እጁን በትንፋሹ እያሞቀ የሚውል ሰው መሃል "መኪናዬ አልቀዘቅዝ አለች" ብትል ይሳቅብሃል። እኔም መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ያቺን በረዶ የተሳለባትን ማብሪያ ነክቻት አላውቅም ነበር። ቆርቆሮና ምስማር የምሸጥባት ሱቄ ከቤቴ ብዙ አትርቅም። እሁድ እሁድ እናቴን ለመጠየቅ ቁይ ደርሼ እመለሳለሁ፤ መንገዱ ደጋ ነው፤ መስኮት ትንሽ ዝቅ ካደረግህ ጆሮህን ያምሃል።

ኤሲ ያስፈለገኝ እናቴ የታመመች ጊዜ ነው።

እናቴ ቁይ ገበያ ላይ ጤፍና ሽንብራ ስትሸጥ ኖራ ያረጀች ሴት ናት። ልቧ መድከሙ የታወቀው እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ሲላት ነው። ማርቆስ አሳየናት፤ ከማርቆስ አዲስ አበባ ጻፉልን። እዚያ ያሉት ሐኪም መድኃኒት አዘዙላትና በየጥቂት ወሩ እየተመለሰች እንድትታይ ቀጠሮ ሰጡን። ከዚያ ወዲህ የዓባይ በረሃ ቤታችን ገባ ማለት ይቻላል። ቀጠሮ በቀረበ ቁጥር እሱን ስናስብ እንከርማለን።

ከደጀን አለፍ ሲሉ መሬቱ ድንገት ይከፈታል። ጠመዝማዛውን ቁልቁል ስትወርድ መጀመሪያ ጆሮህ ይደፈናል፤ ቀጥሎ ሹራብህን ታወልቃለህ፤ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ነፋሱ ራሱ እሳት ለብሶ ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ እስከ ጎሐ ጽዮን አለ። ለጤነኛ ሰው ላብ ጠርጎ የሚያልፈው ነገር ነው። እናቴ ግን በመጀመሪያው ጉዟችን ታች ስንደርስ ከንፈሯ ጠቆረ። አፏን ከፍታ አየሩን ትስባለች፤ አየሩ ግን የሚጠቅማት አልሆነም። ለሐኪሙ ስንነግራቸው፣

"ሙቀት ልቧን ያስጨንቀዋል። ከእንግዲህ ስታመጧት ቀዝቀዝ ባለ መኪና ይሁን" አሉን።

ሰው ሁሉ "ለምን በሌሊት ተነስታችሁ ፀሐይ ሳይወጣ አትሻገሩም?" ይለኛል። ድሮ እንደዚያ ነበር። አሁን በማለዳ አይታለፍም። ኬላው እስኪከፈት፣ ከፊት ያለው መንገድ ሰላም መሆኑ እስኪሰማ ሲጠበቅ ረፋዱ ያልቃል። መኪናው ሁሉ ታች የሚደርሰው ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ነው። ሰዓቱን መምረጥ አልቻልኩም፤ መንገዱንም መምረጥ አልቻልኩም። የቀረኝ መኪናዋ ነበረች።

ማርቆስ ውስጥ ዘወትር መኪናዬን የሚሠራልኝ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። እኩያዬ ነው፤ ቀልድ ይወዳል።

"ኤሲ?" አለኝ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ማርቆስ ላይ? ብርዱን አምርተህ ልትሸጠው ነው?"

"ለእናቴ ነው። በረሃውን አልቻለችም።"

ሳቁን ተወና ኮፈኑን ከፈተ። ግፊት መለኪያውን ሰካ፤ ቀስቱ ከቦታው አልተነሳም።

"ባዶ ናት። ጋዟ አልቋል" አለኝ። "እንግዲህ እውነቱን ልንገርህ፤ እኔ የሞተር ሰው ነኝ። እዚህ አገር ኤሲ የሚያሠራ ሰው የለም፤ ስለዚህ እኔም አልለመድኩትም። እየሞከርን እናያለን።"

ጋዝ ሞላልኝ። ማብሪያዋን ስጫን ከሞተሩ በኩል "ጠቅ" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቴን መታኝ። ያን ዕለት ጃኬት ለብሼ፣ መስኮት ዘግቼ፣ ኤሲ ከፍቼ ማርቆስን እንደ እብድ ዞርኩ። ደስ አለኝ። ለእናቴም ደውዬ "እምዬ፣ ከእንግዲህ በረሃው አይነካሽም" አልኳት።

ወር ሳይሞላ ነፋሱ ለብ አለ። ጋዙ ወጥቶ አልቋል። በየት እንደወጣ አይታይ፤ እንደ ዘይት አይንጠባጠብ፣ አይሸት። መካኒኩ የሳሙና አረፋ አዘጋጅቶ በየቱቦው መጋጠሚያ ቀባ። አንዱ ጋ አረፋው ቀስ እያለ ሲነፋ አየንና ሁለታችንም ጮህን። የደረቀች የጎማ ቀለበት ነበረች። ርካሽ ነገር ናት። ቀየርናትና ጋዙን እንደገና ሞላን።

እንደገና ወጣ።

በዚያ ሰሞን መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ፈሳሽ ያለባት አንዲት ትንሽ ጣሳ አሳየኝ። "ይህን ጨምርበት፤ ቀዳዳውን ራሱ ፈልጎ ይደፍንልሃል። ከመካኒክ ትገላገላለህ" አለኝ። ዋጋው ደህና ነበር፤ እኔም መገላገል እፈልግ ነበር። ይዣት ሄጄ ለመካኒኩ ሳሳየው ግን ራሱን ነቀነቀ።

"መድፈኑንስ ይደፍን ይሆናል፤ ግን የቱን? ቀዳዳውን ከመተላለፊያው ለይቶ ያውቃል? ውስጡን ያነቀው እንደሆነ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕረሰርም አብሮ ይሄዳል። ያኔ መኪናዋን ብትሸጥ አይበቃህም።"

ጣሳዋን መለስኩ። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር፤ ከሁለት ሰው ቃል አንዱን ማመን ብቻ ነበር የምችለው።

በመጨረሻ ቀዳዳው ፊት ለፊት ተገኘ። ከራዲያተሩ ፊት ራዲያተር የሚመስል ሌላ ዕቃ አለ፤ ኮንደንሰር ይሉታል። ጠጠር መትቶት የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አውጥቶበታል። የአዲሱን ዋጋ አዲስ አበባ ደውዬ ስጠይቅ የእናቴ መድኃኒት ትዝ አለኝና ስልኩን ዘጋሁ። ብየዳ ይሻላል ተባለ። አልሙኒየም የሚበይድ ሰው ተፈልጎ ተበየደ። መካኒኩ ጋዙን ሞልቶ ሲያበቃ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

"ይዟል" አለኝ። "እስከ መቼ እንደሚይዝ ግን አልምልልህም። ደግሞ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ከሞቀብህ ኤሲውን አጥፋና ማሞቂያውን ክፈት። የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሞተሩን ያድንልሃል።"

ቀጠሮው ደረሰ። እህቴ ከእናቴ ጋር ከኋላ ተቀመጠች። ታናሼ ናት፤ አፏ ስል ነው፣ እናቴን ግን እንደ እንቁላል ነው የምትይዛት። ደጀን ላይ ረጅም ሰዓት ጠብቀን፣ መንገዱ ሲከፈት በመኪና ሰልፍ መሃል ቁልቁል ጀመርን። ኤሲውን ከፈትኩ። ቀዘቀዘ። በመስታወቱ እናቴን አየኋት፤ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠቅልላ፣ በመስኮት ወደ ገደሉ እያየች ትጸልያለች።

ድልድዩን ስንሻገር ደህና ነበርን። ዳገቱን እንደጀመርን ከፊታችን ያለው ሰልፍ ቆመ። አንድ ከባድ መኪና ጠመዝማዛው ላይ ተሰብሮ መንገዱን ዘግቶታል ተባለ። ትንሽ እንሄዳለን፣ እንቆማለን። እጄን ወደ ነፋሱ መውጫ ሰደድኩ። ለብ ብሏል። ማብሪያዋን አጥፍቼ እንደገና ጫንኳት፤ ያ "ጠቅ" የሚለው ድምፅ አልተሰማም።

"እምዬ፣ ነፋሱ ይደርስሻል?" አልኳት።

"ይደርሰኛል ልጄ። ደህና ነኝ።"

እህቴ በመስታወቱ ዓይኔን ፈልጋ ራሷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቀነቀች። እናቴ እንዲያ ያለችው እኔ እንዳልጨነቅ ነው እንጂ የሚደርሳት አልነበረም። መስኮት ከፈትን። የከባድ መኪናው ጭስና የጋለ አቧራ ገባ፤ ሳል ጀመራት። ዘጋን። የባሰ ሆነ።

የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ቀስት ወደ ቀይ መቅረብ የጀመረው ያኔ ነው። የመካኒኩ ምክር ትዝ አለኝ። እጄን ወደ ማሞቂያው ሰደድኩ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለች እህቴ።

"ሞተሩ ሊቃጠል ነው። ማሞቂያውን ካልከፈትኩ እዚሁ መቅረታችን ነው።"

"እሷስ? አንተ፣ እሷስ?"

እጄ ማሞቂያው ላይ እንዳለ ቀረ። ብከፍተው እናቴን በእሳት ላይ እሳት ልጨምርባት ነው። ባልከፍተው መኪናዋ እዚህ በረሃ ላይ ልትሞት ነው፤ እናቴም ከመኪናዋ ጋር። ሁለቱንም አላደረግሁም። መኪናዋን ጥግ አስያዝኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ያም ቢሆን ውሳኔ አልነበረም፤ ሌላ ነገር ስላጣሁ ነው።

ሞተሩ ሲጠፋ ዝምታው አስፈራኝ። የእናቴ ትንፋሽ ብቻ እያፏጨ ይሰማል።

ከኋላችን ከቆመው ተሳቢ ሾፌሩ ወርዶ እየሮጠ መጣ። ሸምገል ያለ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ሰው ነው።

"ከውስጥ አውጧት! የቆመ መኪና ምድጃ ነው" አለ። "በእኔ ተሳቢ ጥላ ሥር አሳርፏት።"

አቅፌ አወጣኋት። ቀልላለች። ጤፍ በኩንታል ስታነሳ የማውቃት እናቴ እንዲህ መቅለሏን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሾፌሩ ሸራ አነጠፈ፤ እህቴ ነጠላዋን በጀሪካኑ ውሃ ነክራ ፊቷንና ደረቷን ሸፈነችው። ነጠላው ወዲያው ይደርቃል፤ እንደገና እንነክረዋለን። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። "እመብርሃን" የሚለውን ብቻ ነው የለየሁት። እኔ እግሯ ሥር ተንበርክኬ በካርቶን አራግባለሁ። የማራግበው የጋለ አየር ነው። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ቢኖርስ ማንን ልጠራ ነው?

ያኔ ከታች አንዲት አዲስ መኪና በሰልፉ ጠርዝ እየታከከች መጥታ አጠገባችን ቆመች። መስኮቱ ዝቅ ሲል ቅዝቃዜው ፊቴን ነካኝ። የምትነዳው ጎልማሳ ሴት ናት፤ አጠገቧ ባሏ ትንሽ ልጅ አቅፏል።

"ምን ሆነው ነው?" አለች።

"ልቧን ያማታል። ሙቀቱ ነው" አልኳት። ከዚያ በላይ ቃል አልወጣኝም።

"እኛ ጋ ይግቡ" አለች ወዲያው። ባሏ ልጁን ይዞ ወረደና የኋላውን ወንበር ማስለቀቅ ጀመረ። ዕቃቸውን ወደ እኔ መኪና አዛወርን ብል ውሸት ነው፤ ሰውዬው ጭኑ ላይ፣ እግሩ ሥር፣ ባገኘበት ሁሉ ከመረው። የተሳቢው ሾፌር ደግሞ ወደ ፊት ሮጦ ሾፌሮቹን እየለመነ ያቺ መኪና ብቻ በተሰበረው መኪና ጎን ባለችው ጠባብ ዳር እንድታልፍ መንገድ አስለቀቀላት።

እናቴን ካስገባን በኋላ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር ቦታ የተረፈው። እህቴ ገባች። በሩ ሲዘጋ እናቴ ዓይኗን ገልጣ በመስታወቱ ውስጥ ፈለገችኝ፤ ያየችኝ አይመስለኝም። መኪናዋ ጠመዝማዛውን ዞራ ከዓይኔ ጠፋች።

እናቴን ለማላውቃቸው ሰዎች ሰጥቼ በረሃ ላይ ቆምኩ። ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ የት ቆመው እንደሚጠብቁኝ እንኳን አልተነጋገርንም። ሾፌሩ ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ፤ በእጄ ይዤው ቀረሁ።

"ወጥተዋል ከበረሃው አሁን" አለኝ ሾፌሩ፣ ትንሽ ቆይቶ። "ላይ ብርድ ነው። ብርድ ያድናታል።"

"ሳይወጡ አንድ ነገር ሆና ከሆነስ?" አልኩት። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የመኪናዬን ኮፈን አያለሁ። እንፋሎቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ያቺን የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አስባለሁ። ጋዝ ስሞላ፣ የጎማ ቀለበት ስቀይር፣ ሳስበይድ የከረምኩት ለአንድ ሰዓት ዳገት ነበር፤ እሷኑም መኪናዋ አልቻለቻትም።

የተሰበረው መኪና ተጎትቶ መንገዱ ሲከፈት ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። ራዲያተሩ ላይ ውሃ ጨመርኩና ተነሳሁ። ቀስቱ እንደገና ሲወጣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ አሁን የሚቃጠል ሰው እኔ ብቻ ነኝ። የጋለው አየር ጉልበቴን፣ ደረቴን፣ ፊቴን ይገርፈኛል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። እንባ ይሁን ላብ ይሁን ለይቼ አላውቀውም። ዳገቱን እንዲያ ሆኜ ጨረስኩት።

ጎሐ ጽዮን ስገባ ያቺን መኪና በዓይኔ ፈለግሁ፤ የለችም። ወርጄ በመንገዱ ዳር ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስጠይቅ አንዲት ሴት በእጇ አሳየችኝ፤ ከአንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ እህቴ ቆማ እጇን ታውለበልባለች። እናቴ ከጎኗ ወንበር ላይ ናት፤ የሻይ ቤቷ ባለቤት ጋቢ አልብሳታለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ትንፋሿ ግን ያን ፉጨት ትቷል።

አጠገቧ ስደርስ እጄን ያዘችው።

"አንተን ታች ትቼህ ወጣሁ" አለችኝ፣ ድምጿ እየደከመ። "ውሃ ጠጣህ?"

ራሴን በአዎንታ ነቅንቄ እጇን ጋቢው ውስጥ መለስኩላት። እህቴን "ሰዎቹስ?" አልኳት።

"ልጃቸው አመመው፤ እሷ መተንፈሷን ሲያዩ ሄዱ።"

"ስማቸውን ጠየቅሻቸው?"

"እሷን እያየሁ ምኑን ልጠይቅ!" አለችና ከተነሳን ጀምሮ ያልታየባት እንባ ዱብ ዱብ አለ።

አዲስ አበባ ስንደርስ ሐኪሙ እናቴን አስተኟት። ሳንባዋ ውሃ ቋጥሯል አሉ። እሷ ተኝታ ሳለ እኔ መኪናዋን ይዤ የኤሲ ሠራተኛ ፍለጋ ዞርኩ። ብየዳው በሙቀቱ ተከፍቶ ነው አለኝ ያገኘሁት ሰው። አዲሱን እንደማልችል ስነግረው ከተገጨ መኪና የተፈታ ኮንደንሰር ፈልጎ ገጠመልኝ። "አሮጌ ነው፤ ግን ጤነኛ ነው" አለኝ። ቱቦውን አስቀድሞ አየር ሞልቶ ፈተሸው፤ ሲያልቅ ጋዝ ጨመረ። ዋጋው ከአዲሱ በብዙ ይቀንሳል።

ወደ ማርቆስ ስንመለስ በረሃውን ስንሻገር ግራ እጄ መሪ ላይ፣ ቀኝ እጄ ነፋሱ መውጫ ላይ ነበር። እህቴ "መኪናውን ንዳ!" እያለች ትቆጣለች። ቅዝቃዜው አልተለየንም፤ እኔ ግን አላመንኩትም። ደጀን ላይ ስንወጣ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዚያው ሁኔታ ተሻግረናል። መኪናዋ አሁንም ጋዝ ታጠፋለች፤ ቀስ ብላ ነው እንጂ። መካኒኬ "የአሮጌ ነገር ሁሉ ጠባዩ ነው፤ ከጉዞ በፊት እየመጣህ እንመርምራት" አለኝና ቀጠሮ ሲደርስ የሳሙና አረፋውን አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። የጎደለውን ይጨምርልኛል። ከዚህ የተሻለ የምችለው ነገር የለም።

ባለፈው ቀጠሮ ሁሉንም አዘጋጅቼ ነበር። ጋዙ ተሞልቷል፤ በነዳጅ ሰልፍ ውዬ የመኪናዋን ታንከር ሞልቻለሁ፤ ውሃ በጀሪካን ይዣለሁ። እናቴን ከቁይ አምጥቼ ቤቴ አሳድሬያታለሁ። ጠዋት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ የመድኃኒቷን ፌስታል ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ሳለ መንገዱ ተዘጋ የሚል ወሬ ደረሰን። መናኸሪያ ሄጄ ጠየቅሁ። እውነት ነው አሉ። እስከ መቼ? ማንም አያውቅም።

ስመለስ ፊቴን አይታ ገባት።

"የለም ማለት ነው?" አለች።

"ዛሬ የለም፣ እምዬ።"

ፌስታሏን አልጋው ላይ አስቀመጠችና ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ያበጠው እግሯ እንዳይታመም ጎንበስ ብዬ እኔ አወለቅሁላት። ከሰዓት በኋላ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ የድሮ ወረቀቷን አየና "እዚህ ያንን ምርመራ አንሠራም፤ ለጊዜው ያው መድኃኒት ይቀጥል" አለን። ግማሹን መድኃኒት ከአንድ ፋርማሲ፣ የቀረውን ከሌላ ፈልጌ ገዛሁላት።

እሷ ቁይ መመለስ ትፈልጋለች፤ ዶሮዎቿን ጎረቤት ነው የሚጠብቅላት። እኔ ደግሞ መንገዱ ድንገት ከተከፈተ ብዬ አልሰድም አልኳት። እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት መናኸሪያ ሄጄ ሾፌሮቹን እጠይቃለሁ። "ነገ ይከፈታል ይባላል" ይሉኛል። ቤት ገብቼ ያንኑ እነግራታለሁ። "እሱ ያውቃል" ትለኛለች፣ ቁርሷን እየቀመሰች።